ጋቢ የለበሰው ፍሪጅ

በእኛ ሰፈር፣ ከደብረ ብርሃን ጠባሴ ወረድ ብሎ፣ ሰው ጥፋቱን ሸፋፍኖ ሊያልፍ ሲሞክር የምትነገር አንዲት አባባል አለች። አሁን አሁን የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ ይሏታል። ባለፈው የዕድር ስብሰባ ላይም አንድ ሰው ጣል አድርጓት ቤቱ በሳቅ ሲናጥ ነበር። ብዙዎቹ ጥንት የተነገረች ይመስላቸዋል። ጥንት ፍሪጅ አልነበረም። አባባሏ የተወለደችው በእኛ ግቢ፣ አንድ የሰኔ ቀን ረፋድ ላይ ነው። ይህን አፌን ሞልቼ የምናገረው ፍሪጁ የእኔ ስለሆነ ነው።

ግቢያችን ውስጥ አራት ቤት አለ። ትልቁ የአከራያችን የእትዬ ምንትዋብ ነው። ከቀሩት ክፍሎች በአንዱ እኔና ልጄ ኤፍራታ እንኖራለን። ከእኛ ቀጥሎ ባንቺወሰን የምትባል ትንሽ ሱቅ ያላት ወጣት አለች። ጥጉን የያዙት ከመንገድ ሥራ በጡረታ የወጡት ጋሽ ወንድይራድ ናቸው። አራታችንም የምንጠቀመው በአንድ የመብራት ቆጣሪ ነው። ቆጣሪው ያለው በእትዬ ምንትዋብ ቤት የውጭ ግድግዳ ላይ፣ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው። ሒሳቡ ሲመጣ እትዬ ምንትዋብ ወረቀቱን ለብቻቸው ያዩታል፣ ይተክዛሉ፣ ከዚያ ለየቤቱ የሚደርሰውን ይነግሩናል። ወረቀቱን አሳዩን ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ግን ቁጥር የበዛበት ወረቀት ሳይ ሁልጊዜ መጥፎ ዜና የያዘ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ባላየው እመርጥ ነበር።

ለሁለት ሻይ ቤቶች እርጎ አቀርባለሁ። ሚያዝያ ላይ ወደ ሌላ ከተማ ከሚዛወሩ ጎረቤቶች ያገለገለ ፍሪጅ ገዛሁ፤ ቁመቱ ደረቴ ድረስ የሚመጣ። ወደ ውስጥ ሲገባ በሩ ስለጠበበው መቃኑን ነቅለን መልሰን መታነው። የግቢው ሰው ቆሞ ይስቅ ነበር።

«በደብረ ብርሃን ፍሪጅ?» አሉ ጋሽ ወንድይራድ። «ልጄ፣ እኛ እዚህ የምንኖረው ፍሪጅ ውስጥ አይደለም እንዴ?»

«ቀን ፀሐዩ ሲወጣ እርጎው ይኮመጥጥብኛል ጋሼ።»

«ፀሐይ? የት አየሻት?»

በዚያው ሳምንት ቆጣሪ የምታነበው ልጅ መጣች። ሰብለ ትባላለች። በየወሩ ትመጣለች፣ ሳጥኑን ትከፍታለች፣ የሆነ ነገር ትጽፋለች፣ ትሄዳለች። የዚያን ቀን ግን በተከፈተው በር በኩል አሻግራ ፍሪጁን አየችና «እትዬ ትርሲት፣ ፍሪጅ ገዙ? እንኳን ደስ አለዎ» አለችኝ። ደግ ቃል ነበር። ወሩ ሲያልቅ ግን ሒሳቡ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። የግንቦቱም ያው ሆነ።

እትዬ ምንትዋብ ወረቀቱን እንደያዙ ደጃፌ ላይ ቆመው በአገጫቸው ወደ ፍሪጁ አመለከቱ።

«ይኸው ነው የሚበላን። እኔ ቤት ያከራየሁት ለሰው ነው፤ ለአውሬ አላከራየሁም። የሰኔ ሒሳብ ካልቀነሰ ወይ እሱ ይወጣል፣ ወይ አንቺ ትወጫለሽ።»

«እትዬ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ እኮ የልጅቷ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነው።»

«ፈተናው የሚሰጠው ፍሪጅ ውስጥ ነው?»

ተቀምጬ አሰብኩ። ፍሪጁ ከወጣ እርጎው ይኮመጥጣል። እርጎው ከኮመጠጠ ሻይ ቤቶቹ ይተዉኛል። እነሱ ከተዉኝ የቤት ኪራይ የለም፤ ያው ቤቱን እለቃለሁ። ፍሪጁ ካልወጣ ደግሞ ከእነ ፍሪጁ እወጣለሁ። በየትኛውም በኩል ብዞር መጨረሻዬ ኤፍራታ መንገድ ዳር፣ ዝናብ ላይ፣ በዕቃ ክምር ላይ ተቀምጣ ሳይንስ ስታጠና ነበር። ዣንጥላውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዣንጥላውም ቀዳዳ ነበረው።

ስለዚህ መቆጠብ ጀመርኩ። ከሁለቱ አምፖሎች አንዱን ፈታሁ። ስልኬን ቻርጅ የማደርገው እርጎ ሳደርስ ሻይ ቤት ሆነ። ካውያውን ጠቅልዬ ሰቀልኩና የኤፍራታን ዩኒፎርም ፍራሽ ሥር ዘርግቼ ተኛሁበት፤ ዩኒፎርሙ እንደተጨማደደ ቀረ፣ በደንብ የተተኮሰው የእኔ ጎን ነበር። ቴሌቪዥናችንን ስለማላምነው ነቅዬ ብቻ አልተውኩትም፣ ሶኬቱ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩበት።

ባንቺወሰን ይህን ሁሉ ስታይ ቆይታ አንድ ቀን መጥታ አልጋዬ ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ ሴትዮ ሞኝ ነሽ» አለችኝ። «ምን ያለፋሻል? ሰዎቹ እኮ የሚጽፉት ያዩትን ነው።»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«ገማቾቹ ናቸዋ። ዐምና የሱቄን ግብር ሊገምቱ ሲመጡ ግማሹን ዕቃ አልጋ ሥር ከተትኩት። ያዩት ሦስት ሳሙናና አንድ ካርቶን ብስኩት ነው። አንደኛው እንዲያውም አዝኖልኝ ብስኩት ገዛኝ።»

«ሰብለ እኮ ገማች አይደለችም። ቆጣሪ ነው የምታነበው።»

«ታዲያ ፍሪጁን ባየችበት ወር ለምን ጨመረ? እንኳን ደስ አለዎ ብላሽ የለም? ዝም ብሎ እንኳን ደስ አለሽ የሚል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላየሁም። ነገሩ ሁሉ ግጥም አለልኝ። ያየችው ሚያዝያ ላይ፣ የጨመረው ሚያዝያ ላይ። ዓይኗ ደግሞ ትልልቅ ነው።

ኤፍራታ ትምህርት ቤት ለጥናት ስለለቀቃቸው ቤት ነበረች። ከደብተሯ ቀና ሳትል «እማዬ፣ ቆጣሪ በውስጡ ያለፈውን ነው የሚቆጥረው። ሰው ያየውንና ያላየውን አያውቅም» አለች።

«አንቺ ፈተናሽን አጥኚ» አልናት ሁለታችንም በአንድ ጊዜ።

«እሱን እኮ ነው የማጠናው» አለች።

ሰብለ በምትመጣበት ቀን ጠዋት ባንቺወሰን ሱቋን ዘግታ መጣች። ፍሪጁን ወደ እሷ ቤት ልንወስደው አሰብን፤ ለዚያ እንደገና መቃን መንቀል ሊኖርብን ነው። አልጋ ሥር አይገባም። ገፋ አድርገን ጥግ ላይ አቆምነውና ትልቁን ጋቢዬን ከላይ እስከ ታች አለበስነው።

«ንቀይውና እንጨርስ» አለች ባንቺወሰን።

«ሃያ ኩባያ እርጎ አለበት። ከተበላሸ ዛሬውኑ አለቀልኝ።»

«እሺ ይብራ። ካላየችው ምን ቸገረን?»

ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለን አየነው። ጋቢ የለበሰ ፍሪጅ ይመስል ነበር።

«ራስ የለውም» አለች ባንቺወሰን። ድስት አንስታ አናቱ ላይ ደፋችና በነጠላ አከናነበችው፤ የነጠላውን ጫፍ በጎን አዙራ አጣፋችው። እኔም ሳላውቀው ትከሻው ላይ ያለውን ጋቢ አስተካከልኩለት። አሁን በጥጉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የቆሙ አንዲት አጭር አሮጊት ነበሩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አክስቴን ነው የመሰሉኝ።

«አክስትሽ ናቸው በያ» አለች ባንቺወሰን። «ከመንዝ የመጡ። ጸሎት ላይ ናቸው።»

«ወደ ውስጥ ላትገባ ትችላለች እኮ። ሁልጊዜ ከውጭ ነው የምትመለሰው።»

«እንግዲያማ ምን ያስፈራሻል?»

የሚያስፈራኝ ሁልጊዜ አለ። እዚያው እያለን ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ፤ የሽምብራ ፍሬ የሚያክል፣ ቆርቆሮውን የሚደበድብ በረዶ። የግቢው በር ተከፈተ፤ ሰብለ መዝገቧን አናቷ ላይ ደፍታ ስትሮጥ ገባች። ቆጣሪው በግራ በኩል ነው፤ የእኔ በር በቀኝ። ወደ ቀኝ ታጠፈች።

«ይቅርታ እትዬ ትርሲት፣ እስኪያባራ ነው» አለች፣ ውሃዋን እያራገፈች። ከዚያ ጥጉን አየችና ወዲያው ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። «እንደምን አደሩ እማማ።»

ፍሪጁ ዝም አለ።

«ጸሎት ላይ ናቸው» አለች ባንቺወሰን። «አክስቷ ናቸው፤ ከመንዝ።»

«ውይ፣ አቋረጥኳቸው።» ድምጿን ዝቅ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በዚያች ቅጽበት የፍሪጁ ሞተር ተነሣ። ሰብለ ጆሮዋን አቀናች።

«ዳዊት ነው የሚደግሙት?» አለች በሹክሹክታ።

«አዎ» አልኩ።

«ሳይተነፍሱ ነው እኮ የሚደግሙት።»

«ከልጅነታቸው የለመዱት ነው።»

ኤፍራታ ደብተሯን ፊቷ ላይ አድርጋለች፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። በረዶው አያባራም። ሞተሩም አያባራም።

«አይቀመጡም እንዴ? እግራቸው አይደክምም?»

«ስእለት አለባቸው» አለች ባንቺወሰን።

«እስከ መቼ ነው የሚቆሙት?»

«እስከ ፍልሰታ።»

ጭኗን ቆነጠጥኳት። ፍልሰታ እስኪደርስ ገና ሰባት ሳምንት ይቀረው ነበር። ሰብለ በአድናቆት ራሷን ነቀነቀች።

ያ ፍሪጅ ያረጀ ስለሆነ ሞተሩ ሲጠፋ ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ከእግር እስከ ራሱ ይንዘፈዘፋል። የዚያን ቀንም ተንዘፈዘፈ። ሰብለ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ተንቀጠቀጡ እኮ። በዚህ ብርድ ባዶ ወለል ላይ አቁማችኋቸው» አለችንና የራሷን ሹራብ አውልቃ ልትደርብላቸው ሄደች። ልመልሳት እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስኩባትም። ሹራቡን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጋ በመዳፏ ጀርባቸውን ዳበስ አደረገች። እጇ እዚያው ቀረ።

«እትዬ ትርሲት» አለች፣ ፊቷ እየነጣ፤ «ሰውነታቸው ደርቋል።»

ከዚያ ራሳቸው ወደቀ። ከእነ ነጠላው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ጓ አለ፤ እየተንከባለለ ሄዶ ጫማዋ ሥር ቆመ።

«አክስቴ» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። ሰብለ ጎንበስ ብላ ነጠላውን ገለጥ አደረገች። ድስቱን አየች። ቀስ ብላ የጋቢውን ጫፍ አነሣች፣ የፍሪጁን በር ከፈተች፣ ተራ በተራ የተደረደሩትን ሃያ ኩባያዎች አየች።

«አክስትዎ እርጎ ይወዳሉ» አለች።

ቀጥሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ሳቋ አላስቆማት ብሎ ነው። ባንቺወሰን አልጋው ላይ ተደፋች። ኤፍራታ ደብተሯን ጣለችው። እኔ መሳቅ ይሁን ማልቀስ ያለብኝ ስላልለየሁ ሁለቱንም አደረግሁ። ጩኸታችንን ሰምተው እትዬ ምንትዋብ ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጥለው፣ ጋሽ ወንድይራድም ከኋላቸው በበረዶው መሐል መጡ።

እትዬ ምንትዋብ ፍሪጁን ከእግር እስከ ትከሻው አዩት። «አመነኮሳችሁት?» አሉ። እሳቸውም ትንሽ ሳቁ፤ ግን ሳቃቸው አልቆየም። «ቢመነኩስም ይወጣል። አንቺ ልጅ፣ እንኳንም አየሽው። ሒሳባችንን የሚበላው ይኸው ነው። ንገሪያት።»

ሰብለ እንባዋን ጠረገች። «እኔ እኮ ማንንም አልገምትም እትዬ። ፍሪጅ ባይ፣ ባላይ፣ ሰርግ ቤት ብገባ፣ የምጽፈው ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ቁጥር ነው። የሒሳቡ ወረቀት አለ?»

እትዬ ምንትዋብ እያመነቱ ከጡታቸው ሥር አወጡት። ሰብለ አልጋው ላይ ዘርግታ በእስክሪብቶዋ አሳየችን። «ይህ ሚያዝያ ላይ ያነበብኩት ነው። ይህ ደግሞ ግንቦት ላይ ያነበብኩት። ከዚህ ላይ ያንን ስትቀንሱ የተጠቀማችሁት ይመጣል። የምትጠቀሙት ሲበዛ ደግሞ የአንዱ ዋጋ በእርከን ከፍ ይላል፤ አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ስለሆናችሁ ላይኛው እርከን ላይ ቶሎ ትወጣላችሁ።»

«መቀነስ ብቻ ነው?» አልኩ።

«መቀነስ ብቻ ነው።»

«የሁለተኛ ክፍል» አለች ኤፍራታ።

ስንት ወር ስፈራው የኖርኩት ወረቀት መቀነስ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ እሑድ እሑድ ጠዋት ሳጥኑን ከፍቼ ቁጥሩን በኤፍራታ አሮጌ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ሰብለ ሳትመጣ የምትጽፈውን አውቀዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ገና ልቤ አልረጋም። መቀነሱ ቢገባኝም የሚበላው ፍሪጄ ከሆነ ምን ይጠቅመኛል?

«ፍሪጁ ስንት እንደሚበላ በግምት አንጨቃጨቅ» አለች ሰብለ። «በረዶው አባርቷል። ቆጣሪውን ራሱን እንጠይቀው።»

ሁላችንም ነጭ በለበሰው ግቢ አልፈን ሳጥኑ ጋ ተኮለኮልን። ከመስታወቱ ኋላ ዳሩ ላይ ቀይ ምልክት ያለበት ቀጭን የብረት ሳህን ይሽከረከራል። ቀዩ ምልክት ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ ብቅ ይላል።

«ከፍሪጁ በቀር ሁሉንም አጥፉ።»

ባንቺወሰን ሮጣ ሬዲዮዋን ነቀለች። ጋሽ ወንድይራድ ምድጃቸውን አጠፉ። እትዬ ምንትዋብ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። «እኔ ቤት ምን አለ? አንዲት አምፖል ናት ያለችኝ፤ እሷም ጠፍታለች።»

ኤፍራታ የፍሪጁን በር ከፍታ ጠበቀች፤ ሞተሩ ተነሣ። ሳህኑ ይጋልባል። ጋሽ ወንድይራድ ቀዩ ምልክት ባለፈ ቁጥር በጣታቸው ይቆጥራሉ፤ ጣታቸው ቶሎ ቶሎ አለቀባቸው።

«አላልኳችሁም?» አሉ እትዬ ምንትዋብ።

ዣንጥላው ታየኝ። ቀዳዳውም ታየኝ።

«አሁን ፍሪጁን ንቀይው» አለች ሰብለ።

ኤፍራታ ከቤት ውስጥ «ነቀልኩት» ብላ ተጣራች። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍተው ሳህኑ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ዘግየት ብሏል፤ ግን አሁንም ይጋልባል። ጋሽ ወንድይራድ እንደገና በጣታቸው ጀመሩ፣ እንደገና አለቀባቸው።

«የፍሪጁ ድርሻ ያቺው ናት» አለች ሰብለ። «በዚህ ከተማ ብርድ ፍሪጅ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ነው የሚውለው። ይህን ሳህን የሚያስጋልበው ሌላ ነው።»

የባንቺወሰን ቤት ጠፍቷል። የጋሽ ወንድይራድ ቤት ጠፍቷል። የእኔ ቤት ከእነ አክስቴ ጠፍቷል። አራት ሰው ቀስ እያለ አንገቱን ወደ ትልቁ ቤት አዞረ።

«አምፖሏ ትሆናለች» አሉ እትዬ ምንትዋብ።

«አምፖል እንዲህ አይጋልብም እትዬ» አለች ሰብለ።

እትዬ ምንትዋብ ለዕድሜያቸው በማይጠበቅ ፍጥነት ወደ ቤታቸው ገቡ። ተከተልናቸው። የመታጠቢያ ቤቱን በር በጀርባቸው ደግፈው፣ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው እንደ መጋረጃ ዘርግተው ቆመው ነበር። ከበሩ ሥር ነጭ እንፋሎት በጫማቸው መሐል ይወጣል። ከውስጥ የሆነ ነገር ያፏጫል።

«ያልታጠበ ልብስ ነው ያለው» አሉ።

«ልብስዎ ያፏጫል እትዬ» አለች ባንቺወሰን።

በኋላ እንደሰማነው ልጃቸው ከአዲስ አበባ የውሃ ማሞቂያ አምጥቶ ገጥሞላቸው ነበር። እኛን ኃይለኛ ዕቃ አስገብታችሁ ሒሳብ አበዛችሁ ብለው ስለተቆጡ፣ ራሳቸው ማስገባታቸው እንዳይታወቅ ፈሩ። ሰብለ በቁጣ አልተናገረቻቸውም። በትሕትና «መቼ ነው የሚያበሩት?» አለቻቸው።

«አላበራውም። እንደበራ ነው። ሲጠፋና ሲበራ ይቃጠላል ብለውኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ እንደበራ ነው?»

እትዬ ምንትዋብ ጣራውን አዩ። «ከፋሲካ።»

ባንቺወሰን ግድግዳ ይዛ ተቀመጠች። ሰብለ አፏን በመዝገቧ ሸፈነች። «ለመታጠብ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ያብሩት፣ ሲታጠቡ ያጥፉት። አይቃጠልም» አለች ከመዝገቡ ኋላ። ፋሲካ ሚያዝያ ላይ ነበር፤ ፍሪጁም የመጣው ሚያዝያ ላይ ነው።

እኔ ግን አንድ ነገር ሳልሰማ ከዚያ በር መሄድ አልቻልኩም። «እትዬ» አልኩ፤ «ታዲያ ማን ይውጣ?»

እትዬ ምንትዋብ ነጠላውን እንደዘረጉ አዩኝ። ፊታቸውን ላብ አርሶታል፣ ከእንፋሎቱ ይሁን ከሌላ አላውቅም። «ማንም አይወጣም» አሉ በመጨረሻ። «ፍሪጁም ይቀመጥ። ልጅቷም በሰላም ትፈተን።» ይህን ብለው ነጠላውን ከበሩ ላይ አላወረዱም፤ ይባስ ብለው ከፍ አደረጉት። «ማሞቂያ የሚባል ነገር ግን እዚህ ቤት የለም። ያያችሁት ነገር የለም።»

ጋሽ ወንድይራድ እንፋሎቱን አዩ፣ የተዘረጋውን ነጠላ አዩ፣ በአገጫቸው ውጭ ወዳለው የቆጣሪ ሳጥን አመለከቱና፣ እንደ ጥንት አባት ረጋ ብለው «ይተዉት እትዬ ምንትዋብ፤ ፍሪጅ ቢከናነብ ቆጣሪ ይነበባል» አሏቸው።